«የየት አገር ሰው ነህ?» ከማለታችሁ በፊት

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ግቢ ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ተለቀቀች። ደላላው በማግስቱ ደወለ። «ሁለት ሰው አለኝ» አለ። «አንዱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ገና ልጅ የላቸውም። ሌላው ላጤ ነው፤ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ድሬድ አድርጓል፤ ግን ጨዋ ልጅ ነው።»

ያቺን «ግን» ያዙልኝ። ደላላው ልጁን ሊያሞግስልኝ ነው የፈለገው። ድሬድ ያደረገ ወጣት ጨዋ አይሆንም ብዬ እንደማስብ ግን ሳልነግረው አውቆታል። ልክ ነበር።

ሁለቱም አንድ ቅዳሜ መጡ። ባልና ሚስቱን ሳሎን አስገባናቸው፣ ቡናም ጠጡ። የጠየቅኳቸው ሁለት ነገር ነው፤ «ሥራ ቦታችሁ ከዚህ ይርቃል?» እና «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ይመቻችኋል?»። ልጁን ያናገርነው ግን በር ላይ ቆመን ነው። ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ጓደኛ ታበዛለህ? ትጠጣለህ? ተያዥ አለህ? የየት አገር ሰው ነህ? መጀመሪያ ላይ ፈገግ እያለ ነበር የሚመልሰው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ አጠረ። አምስተኛው ላይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሲሄድ ለእናቴ «አየሽው? የሚደብቀው ነገር አለው» አልኳት። እሷም «እኔም ልቤ አልወደደውም» አለች። አለቀ።

ያ ልጅ ምን ዓይነት ተከራይ ይሆን እንደነበር አላውቅም። ዛሬም አላውቅም። ጅምላ ፍረጃ ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ነው፤ የመለስነው ሰው ተመልሶ መጥቶ መሳሳታችንን አያሳየንም። የተቀበልነው ሰው ደህና ከሆነ «ሰው አውቃለሁ» እንላለን። የመለስነው ከበራችን ጋር አብሮ ይረሳል። አሥር ዓመት እንዲህ ስንሠራ ብንኖር «ልምድ አለኝ» የምንለው ነገር ግማሹን ብቻ አይተን የያዝነው ነው።

ይህን የምጽፈው ቤት ለሚያከራይ፣ ሠራተኛ ለሚቀጥር፣ ወንድሙ ወይም እህቱ «ላገባ ነው» ሲሉት መጀመሪያ «ማንን?» ሳይሆን «ከየት ናት?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ነው። ጥሩ ሰው ሁኑ ብዬ ልመክራችሁ አይደለም። ጥሩ ሰዎች መሆናችሁን አልጠራጠርም፤ እናቴም ጥሩ ሰው ናት። ፍረጃ የሚኖረው በጥያቄዎቻችን ውስጥ ነው። ማንን ምን እንደምንጠይቅ፣ ማንንስ እንደማንጠይቅ ካስተካከልን ብዙ ነገር ይስተካከላል። ያ ደግሞ በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሠራ ሥራ ነው።

መጀመሪያ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ፍረጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስድብ ነው። ክፉ ሰው አውቆ የሚያደርገው ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መለየቱም መተዉም ቀላል ነበር። ግን አእምሯችን በየቀኑ የሚያየውን ፊት ሁሉ ከዜሮ ተነስቶ ማጥናት አይችልም። ስለዚህ ከልጅነት ወሬ፣ ከተረት፣ ከአንድ መጥፎ ገጠመኝ የሠራውን ምስል ያወጣና ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ላይ ይለጥፈዋል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 (እ.ኤ.አ.) «ስቴሪዮታይፕ» የሚለውን ቃል ለዚህ ነገር ሲያውለው ቃሉን ያገኘው ከማተሚያ ቤት ነው። ፊደል በፊደል የተለቀመ ገጽ ወደ አንድ ወጥ የብረት ሰሌዳ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ያው ገጽ ሺህ ጊዜ ይታተማል፣ አንድ ፊደል መቀየር ግን አይቻልም። ጥሩ ምሳሌ ነው።

ምስሉ በጣም የሚሠራው ነገሩ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት ነጭ ተማሪዎች ሁለት ሰዎች ሲከራከሩና በመጨረሻ አንዱ ሌላውን ገፋ ሲያደርገው አዩ። ገፊው ጥቁር፣ ተገፊው ነጭ ሲሆን አብዛኛው ተመልካች «ጠብ ነው» አለ። ገፊው ነጭ፣ ተገፊው ጥቁር ሲሆን «እየቀለዱ ነው» ወይም «እየተወኑ ነው» የሚለው በዛ። ግፊያው ያው ግፊያ ነው።

እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ጆን ዳርሊና ፓጌት ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች አንዲት ትንሽ ልጅ በቪዲዮ አሳዩ። ለግማሹ ልጅቷ የሀብታም ሰፈር ልጅ፣ ለግማሹ ደግሞ የድሃ ሰፈር ልጅ ተደርጋ ቀረበች። ሰፈሯን ብቻ አይተው «ትምህርቷ እንዴት ነው?» ሲባሉ ሰዎቹ ተጠነቀቁ፤ ብዙም ልዩነት የሌለው መልስ ሰጡ። ከዚያ ሌሎቹ ልጅቷ ፈተና ስትመልስ የሚያሳይ ቪዲዮ ተጨመረላቸው። ቪዲዮው ለሁሉም አንድ ነው፤ አንዳንዱን ጥያቄ ትመልሳለች፣ አንዳንዱን ትስታለች። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሰፋው። የሀብታም ሰፈር ናት የተባሉት ጎበዝ ናት አሉ። የድሃ ሰፈር ናት የተባሉት ደከም ትላለች አሉ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ የሚሉት ያንኑ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ «ቀርቤ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የፈረድኩት» ማለት ዋስትና አይሆንም። ዓይናችን የሚፈልገውን ይዞ ነው የሚገባው።

የኛ ቤት በር ላይ የሆነው ነገር ደግሞ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሞክሯል። ነጭ ተማሪዎች ነጭና ጥቁር ሥራ ፈላጊዎችን ቃለ መጠይቅ እንዲያደርጉ ተደረገ። ጥቁሮቹ ሲገቡ ጠያቂዎቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ንግግራቸው ተደነቃቀፈ፣ ቶሎም ጨረሱ። ይህን ማድረጋቸውን የሚያውቁ አይመስልም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ገለበጡት። የሠለጠኑ ጠያቂዎች ነጭ ሥራ ፈላጊዎችን እንዲሁ ራቅ ብለው፣ እየተደነቃቀፉ፣ አሳጥረው ጠየቁ። እነዚያም ነጮች ተርበደበዱ፤ መልሳቸውም ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ይህን ሳነብ የልጁ ዓይን መሬት ላይ ሲወድቅ እንደገና ታየኝ። «የሚደብቀው ነገር አለው» ያልኩት እኔው ራሴ በጥያቄዬ ያመጣሁትን ነገር ነው።

የራሳችሁን አውጡና ጻፉት

ማንም በማያይበት ወረቀት ላይ እነዚህን ጨርሱ። ቶሎ ቶሎ፣ ሳታስተካክሉ። ላጤ ወንድ... ባሏን የፈታች ሴት... ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ... የታክሲ ረዳት... ዲያስፖራ... ጺሙን ያስረዘመ ሰው... የእገሌ ብሔር ሰው ደግሞ... የመጨረሻዋን እናንተው ሙሏት፤ የትኛውን ብሔር እንደምትጽፉ እኔ አልነግራችሁም።

የወጣው ነገር ካሳፈራችሁ አትሸሹት። አንድን ፍረጃ ማወቅና ማመን ይለያያሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ የማናምንበትም ጭምር። ችግሩ ስንደክም፣ ስንቸኩል፣ ስንፈራ ቶሎ የሚመጣልን ያ በቃል የያዝነው መሆኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚነግራችሁ ክፉ መሆናችሁን አይደለም። ስትቸኩሉ ወዴት እንደምታዘነብሉ ነው።

ወረቀቱ ላይ የወጣውን ሙገሳም አትለፉት። «የገጠር ልጅ የዋህ ናት» ስንል ደግ የተናገርን ይመስለናል። ግን ቆም ብላችሁ ውጤቱን እዩት። የዋህ ስለሆነች ደመወዟ ላይ አንደራደርም፤ የሰጠናትን ትቀበላለች። የዋህ ስለሆነች ማታ ትማር የሚለው አይታሰበንም። አንድ ቀን «ደመወዝ ይጨመርልኝ» ስትል «ከተማው አበላሻት» እንላለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ፊስክና ባልደረቦቿ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ይህንን በደንብ ያሳያል። ሰዎች ሌላውን ቡድን የሚመዝኑት ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው፤ ልቡ ደግ ነው ወይ፣ ችሎታስ አለው ወይ። ብዙ ጊዜ አንዱን ሰጥተን ሌላውን እንነፍጋለን። «ደግ ናቸው ግን አይገባቸውም»፣ «ጮሌ ናቸው ግን አይታመኑም»። እዚህም ያቺው «ግን» አለች። ሙገሳው ከእሷ ኋላ ያለውን ነገር መሸፈኛ ሲሆን ተጠንቀቁ።

«ቡዳ» ያልናቸው ሰዎች

ፍረጃ ከውጭ የመጣ ነገር ለሚመስለው ሰው የኛን የቆየ ታሪክ ላስታውስ። ማረሻውን የሚቀጠቅጥልን፣ ጀበናውንና ምጣዱን የምትሠራልን፣ ቆዳውን የሚያለፋልን፣ ጋቢውን የሚሸምንልን ሰው በብዙ የአገራችን ክፍል ሲናቅ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ፤ ሰው ይበላሉ ተባለ። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ወደነሱ ነበር። በሠሩት ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ከነሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው።

የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ታሪክ ስታዩ ደግሞ ምክንያቱና ውጤቱ ቦታ ተቀያይሮ ታገኙታላችሁ። ርስት የማግኘት መብታቸውን ሲነጠቁ ብዙዎቹ በብረትና በሸክላ ሥራ መኖር ጀመሩ። ከዚያ ሥራው ራሱ የመናቂያቸው ምክንያት ሆነ። መሬት ነፍገን፣ መሬት የሌለው ሰው የሚሠራውን ሥራ ሲሠሩ አይተን፣ «እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው» አልን። ፍረጃ ራሱ የፈጠረውን ነገር መልሶ ማስረጃ ያደርገዋል።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከነሱ ብዙዎቹ እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ በጥር 1996 (እ.ኤ.አ.)፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ኤች አይ ቪን በመፍራት በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ሺዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ ለተቃውሞ ወጡ። ደማቸውን ሲሰጡ ተመስግነው፣ ከጀርባቸው ተደፋ። ሰው ለሰው ሊሰጥ ከሚችለው ነገር ሁሉ የቀረበው ደም ነው። አገር ቤት «ቡዳ» የተባለ ሰው፣ «አገሬ ገባሁ» ባለበት ደግሞ «በሽተኛ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

«እውነት ቢሆንስ?»

ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚለው ይህንን ነው። «ላጤዎች እኮ በእርግጥ ያመሻሉ። ያለፈው ተከራዬ ሦስት ወር ሳይከፍል ነው የጠፋው፤ እሱም ላጤ ነበር።»

አንድ ሰው አይቶ ስለ ሁሉም መፍረዱን እናቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያለፈው ተከራይ ጎድቷችሁ ከሆነ ፍርሃታችሁ እውነተኛ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ያልከፈላችሁ ያ ሰውዬ ነው።

አማካዩ እውነት ነው እንበል። ከመቶ ላጤ ብዙዎቹ ያመሻሉ እንበል። እናንተ የምታከራዩት ግን ለመቶ ሰው አይደለም። ፊታችሁ የቆመው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደሙን ስለለገሰው ሰው አገር የሚጨነቅ ሰው እያንዳንዱን ደም መመርመር ይችላል። የግምት ጥቅም ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ማወቅ በሚቻልበት ቦታ መገመት ስንፍና ነው፤ የስንፍናውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ሰውየው ሳይመጣ

ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ማንንም ሳታዩ፣ ደላላውም ሳይደውል፣ የምትፈልጉትን ጻፉ። ለቤት ኪራይ ከሆነ፦ ኪራይ በወቅቱ የሚከፍል፣ ስንት ሰው እንደሚኖር የሚናገር፣ የግቢውን በር የሚዘጋ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ የማያበዛ፣ መታወቂያ ያለው። አምስት ነገር በቂ ነው። «ጨዋ» ብላችሁ አትጻፉ። ጨዋ የሚለው ቃል ውስጥ ሁሉም የራሱን ሰው ነው የሚያስገባው። ጨዋ ሰው ምን ያደርጋል? እሱን ጻፉ።

አስቀድሞ መጻፉ ለምን ይጠቅማል? በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ለፖሊስ አዛዥነት እጩ እንዲመርጡ ተደረጉ። ወንድ እጩም ሴት እጩም ነበሩ፤ አንዱ የተማረ ነው፣ ሌላው ልምድ ያለውና መንገዱን የሚያውቅ ነው። ወንዱ የተማረ ሲሆን «ለዚህ ሥራ ትምህርት ወሳኝ ነው» አሉ። ወንዱ ትምህርት ሲጎድለው ደግሞ የትምህርት ክብደት ቀነሰ። መስፈርቱ ወንዱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። መራጮቹ ደግሞ ሚዛናዊ ነን ብለው ከልባቸው ያምናሉ። እጩዎቹን ከማየታቸው በፊት መስፈርቱን እንዲወስኑ ሲደረግ ግን አድልዎው ጠፋ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፉበት። ሰው ካያችሁ በኋላ አትነካኩት።

ለሥራ ቅጥር ከሆነ ሌላ ነገር ጨምሩ። ስም ደብቁ። የኛ ስም ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሃይማኖት ይናገራል፣ ብሔር ይናገራል፣ የአባት ስም ሲጨመርበት ደግሞ ሰፈር ሁሉ ይናገራል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ላይ ማሪያን ቤርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎች ላኩ። በነጮች ዘንድ የተለመዱ ስሞች የተጻፈባቸው ሲቪዎች፣ በጥቁሮች ዘንድ የተለመዱ ስሞች ካሉባቸው ይልቅ 50 በመቶ የሚበልጥ የስልክ ጥሪ አገኙ። ስሞቹ ለሲቪዎቹ የተሰጡት በዕጣ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ስሙ ነው። ሱቅ ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ሊያደርገው ይችላል። ወረቀቶቹን የሚቀበለው አንድ ሰው ስሙን ሸፍኖ ቁጥር ይስጣቸው፤ የሚመርጠው ሌላ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይይ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው።

ሲመጣ

ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን በር ላይ አታድርጉ። ቡና ከሆነ ለሁሉም ቡና፣ ካልሆነ ለማንም። ያው ጥያቄ፣ በያው ቅደም ተከተል። «ትጠጣለህ?» ብላችሁ ላጤውን ከጠየቃችሁ ባልየውንም ጠይቁ። ባልየውን ለመጠየቅ ካፈራችሁ ጥያቄው ለላጤውም ነውር ነበር ማለት ነው። ይህችን መለኪያ ያዙልኝ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እሷ ናት።

«የየት አገር ሰው ነህ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ። ፍቅር ያለበት ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌዎቻችን ዘመድ ለመፈለግ ነው የሚጠይቁት፣ ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ። ግን ቤት ለሚፈልግ ሰው፣ ዛሬ ባለንበት ሁኔታ፣ ሆድ የሚያባባ ጥያቄ ነው። መልሱ ምን እንደሚያስከትልበት አያውቅም። ከገባ በኋላ፣ ቡና ላይ፣ ከወደደ ራሱ ይነግራችኋል።

የክፍያውን ስጋት ደግሞ ውል ይሸከመው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በጽሑፍ መሆን፣ መመዝገብም አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። በጽሑፍ ያለ ውል የሰውየውን ፀጉር አይቶ ባሕሪውን ከመገመት የበለጠ ይጠብቃችኋል።

ከሄደ በኋላ

ከማንም ጋር ሳታወሩ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ። በቀኝ ያያችሁትን፣ በግራ የመሰላችሁን። እኔ ያንን ቅዳሜ አሁን ብጽፈው እንዲህ ይሆናል። በግራ፦ «የሚደብቀው ነገር አለው።» በቀኝ፦ «አምስት ጥያቄ በር ላይ አቁሜ ጠየቅኩት። የመጨረሻዎቹን ሁለት በአንድ በአንድ ቃል መለሰ።» በቀኝ በኩል ያለው ብቻውን ሲነበብ ምንም ጥፋት የለበትም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ሰውየውን ቀይሩት። ያንኑ ነገር የምትወዱት ዓይነት ሰው ቢያደርገው ምን ትሉ ነበር? የባንክ ሠራተኛ፣ ሱፍ የለበሰ፣ በአጭሩ ቢመልስ «ቁጥብ ሰው ነው» እንል ነበር። ልጁን «የሚደብቀው አለው» አልነው። ሁለት ስም ከወጣለት አንዱን ሰርዙ።

«ልቤ አልወደደውም» የሚለውን እናቴ ብቻ አይደለችም የምትለው፤ ሁላችንም እንላለን። ልብን ናቁ አልልም። አንዳንዴ ልብ ያየው ነገር አለ። ግን ጠይቁት። ምን አየህ? መልስ ካለው፣ ማለትም የሚጣረስ ነገር ተናግሮ፣ መታወቂያ አላሳይም ብሎ፣ የቤት ሠራተኛችሁን አመናጭቆ ከሆነ፣ ያ መረጃ ነው፤ በቀኝ በኩል ጻፉት። መልስ ከሌለው ያ የብረት ሰሌዳው ነው።

«አንተ ግን ትለያለህ»

ይህን ቃል ስንቶቻችን ተብለናል፣ ስንቶቻችንስ ብለናል። ከማንወደው ቡድን የመጣ ሰው ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ሰሌዳውን አንቀይርም፤ ሰውየውን ከቡድኑ እናወጣዋለን። «አንተ እንደነሱ አይደለህም።» ምስጋና ይመስላል። ለሚሰማው ግን እናቱን፣ አባቱን፣ ወንድሞቹን መሰደብ ነው። ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ያስበዋል።

ስለዚህ ቁጠሩ። «ይሄ ይለያል» ያላችሁትን ሰው ስም በስልካችሁ ላይ ጻፉ። አራተኛ ስም ላይ ስትደርሱ ልዩ የሆኑት እነሱ ሳይሆኑ የተሳሳተው ምስሉ መሆኑን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ወሬውን ደጅ ላይ መመለስ

ፍረጃ በብዛት የሚገባው በምንወዳቸው ሰዎች አፍ ነው። አክስታችን ናቸው፣ ጎረቤት ናቸው፣ ደላላው ነው። ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት መቃወም በኛ ባህል ከባድ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። በሰው ፊት ያፈረ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም፤ ያጠብቀዋል። እኔ የምለው ይህን ነው፤ «እትዬ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?» ጥያቄው ከሕዝብ ወደ ሰው ያወርደዋል። ወይ አንድ ሰው ይጠራሉ፣ ያኔ ስለዚያ ሰው እናወራለን፤ ወይ «ሲባል ሰምቼ ነው» ይላሉ። ያቺ «ሲባል ሰምቼ» ከአፋቸው ስትወጣ ራሳቸውም ይሰሟታል። ለደላላው ደግሞ አጭር ነው፦ «ወንድሜ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርና መቼ እንደሚገባ ብቻ ንገረኝ። ሌላውን ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።»

መቀራረብ ብቻውን?

«አብሮ መኖር ያቀራርባል» ይባላል። ሁልጊዜ አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 (እ.ኤ.አ.) እንዳለው መቀራረብ ፍረጃን የሚቀንሰው ሰዎቹ እኩል ሲሆኑ፣ አንድ ዓላማ ይዘው አብረው ሲሠሩ፣ ደንቡም ሲደግፋቸው ነው። አሥር ዓመት ሠራተኛ ቤት ውስጥ አኑሮ ስለወጣችበት ሕዝብ አንድም ሐሳብ ያልቀየረ ሰው አውቃለሁ። እሷ ቆማ፣ እሱ ተቀምጦ ነው የተዋወቁት። በተቃራኒው ዕቁብን እዩ። ሁሉም እኩል ይጥላል፤ ዕጣው የማንንም ብሔር አያይም። ዕድር ላይ ድንኳን የሚተክለው ሰው የሌላኛውን የካስማ ጫፍ የያዘው ማን እንደሆነ የሚያውቀው በስሙ ነው። ከሰፈራችሁ ሰዎች ጋር መቀራረብ ከፈለጋችሁ ቡና ከመጋበዝ በፊት አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልጉ።

ባልና ሚስቱ ባለፈው መስከረም የራሳቸው ቤት ደርሷቸው ወጡ። ደላላው ያው ደላላ ነው። ከመደወሉ በፊት ከእናቴ ጋር ተቀምጠን አምስቱን ጥያቄ ጻፍን፤ ፍሪጁ ላይ ለጠፍናት። አራት ሰው መጣ። አራቱንም ሳሎን አስገባን፤ እናቴ «ለአራት ሰው ቡና ማፍላት ልትገድሉኝ ነው» ብላ ሻይ አደረገችው። ሦስተኛዋ ሁለት ልጅ ያላት ሴት ነበረች። እናቴ «የየት አገር...» ብላ ጀመረች፤ ፍሪጁን ቀና ብላ አየች፤ «...ውሃ እኮ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ልጄ፣ ይመችሻል?» አለቻት።

«በርሜል አለኝ» አለች ሴትየዋ።